ለግማሽ ቀን ለተዘረጋልን ሣር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የዓለም እግር ኳስ የበላይ ማኅበር ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ጆሮዎ፣ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ባለፈው ምርጫ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲያጨበጭብልዎ በሬዲዮ ሰምቼ ስለነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጆሮዎ ሳላስብ የዋልኩበት ጊዜ የለም። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ምርጫው እንደገና ስለሚካሄድና ተወዳዳሪውም እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ከአሁኑ ጥጥ ቢያስገዙ መልካም ይመስለኛል።

እኔ ሜዳ አስማሪ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን ሜዳ ላይ ገመድ እየወጠርኩ፣ ኖራ እየበጠበጥኩ መስመር ሳሰምር ኖሬአለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ፣ ማኅበርዎ ካሳተመው የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ትርጉም ላይ ነው። ማንበብ የቻልኩት በእናንተ ምክንያት ነውና ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ፌዝ የለበትም። ችግሩ የመጣው፣ ማንበብ ከለመድኩ በኋላ የምታሳትሙትን ሁሉ እየፈለግሁ ማንበብ በመጀመሬ ነው።

ለክቡርነትዎ አምስት ቅሬታዎች ጽፌ ነበር። ልጄ አንብባቸው ሁለተኛውና አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆኑ ስድብ ናቸው ብላ አወጣቻቸው። የቀሩትን ግን ቁጥራቸውን አልነካሁም፤ ምን እንደቀረብዎ ማወቅ መብትዎ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ሣሩ።

ላለፈው ምርጫ አርባ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሜዳችን ውስጥ ገባ። ተከትሎትም የአገራችን ፌዴሬሽን ኃላፊ፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ “ባለከረባቱ” እያለ የሚጠራው ሰው፣ በነጭ መኪና መጣ። ከጭነት መኪናው ላይ አሥራ አንድ ጥቅል ሰው ሠራሽ ሣር ወረደና በአንደኛው ጎል ፊት ለፊት ጎን ለጎን ተዘረጋ። ስፋቱ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን ሸፍኖ ከዚያ ትንሽ ያልፋል እንጂ መሐል ሜዳውን አያይም። ባለከረባቱ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ “አባባ፣ የዚህ ሜዳ ጠቢብ እርስዎ ነዎት አሉ። እስቲ ክልሉን ያስምሩልን፤ ለናሙና ነው፣ የቀረው ሣር መንገድ ላይ ነው” አለኝ። ጠቢብ መባሌ ደስ አለኝ። አሰመርኩለት።

ገመዴን ልወጥር ስንበረከክ ግን ሣሩ አዲስ አልነበረም። ታጥቦ ያልለቀቀ የሌላ ሰው ኖራ ነበረበት። እንዲያውም የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ አንደኛው በገመድ ሳይሆን በዓይኑ ገምቶ ያሰመረ፣ ቅስቱ የተንጋደደበት ሰው ነው፤ ሌላው ደግሞ እጁ የተባ፣ እኔን የሚያስንቅ ነው። ባለከረባቱን “ይሄ ምንድነው?” ብዬ ጠየቅሁት። “ፋብሪካው ሲሞክረው ነው አባባ” አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ፋብሪካ ሲሳሳት አይቼ አውቃለሁ፤ ፋብሪካ በስንዝር አይሳሳትም። በስንዝር የሚሳሳት ሰው ነው፤ ያውም የሚያጣድፈው ሰው አጠገቡ የቆመበት ሰው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሪባን ተቆረጠ። ፎቶ አንሺው በሆዱ ተኝቶ፣ ከሣሩ በቀር ምንም እንዳይታይ አድርጎ አነሣ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንዱም ጥቅል ተጠቅልሎ፣ የእኔን መስመር እንደያዘ፣ መኪናው ላይ ተጭኖ ሄደ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሲያይ ቆይቶ፣ “ስንት ራሰ በራ አይቻለሁ፤ ፀጉር ተክለው፣ ፎቶ አንሥተው፣ መልሰው ሲነቅሉበት ግን ዛሬ ገና አየሁ” አለ። ለዚያች ግማሽ ቀን ማኅበርዎን ከልብ አመሰግናለሁ። አረንጓዴው ለዓይን ያስደስት ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ሪፖርታችሁ።

በወፍራም ወረቀት የታተመውን የልማት ሪፖርታችሁን የፌዴሬሽኑ ዘበኛ ለበር ማስደገፊያ ሲጠቀምበት አግኝቼ ለምኜው ወሰድኩ። በስልሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በየአገሩ ተጠናቅቀው ለየማኅበረሰቡ ከተላለፉት አርባ አንድ ሜዳዎች መካከል የእኛ ሜዳ አለ። ፎቶውም አለ። የራሴን መስመር አይቼ አልስተውም፤ ልክ ነው፣ አሥራ ስድስት ሜትር ተኩል፣ አንድ ጣት እንኳ አላጎደልኩም። በሕይወቴ ካሰመርኳቸው መስመሮች ሁሉ እንደዚያ የማፍርበት የለም።

ነገሩ በወረቀት ላይ ቢቀር ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ግን የከተማችን የመሬት ጽሕፈት ቤትም ሪፖርታችሁን አነበበ። አንብቦም፣ ይህ ሰፈር በዘመናዊ ሣር የተሠራ አንድ ሜዳ አለው፤ ከዚያ ሌላ አቧራማ ባዶ ቦታ ይዟል፤ ባዶው ቦታ ትርፍ ስለሆነ ለሲሚንቶ ነጋዴው መጋዘን ይሰጥ ብሎ ወሰነ። ርክክቡ የሚፈጸመው እርስዎ በተመረጡ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት ነው።

እዚያ ቢሮ ሄጄ ነበር። ፋይሉን የያዘችው ጸሐፊ ትሑት ልጅ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ፎቶውን አሳየችኝ።

“አባባ፣ እናንተ እኮ ሜዳ አላችሁ። ይኸው ሣሩ!”

“ልጄ፣ ይሄ እኮ ያው አቧራው ነው” አልኳት።

“አቧራውማ ትርፍ የተባለው ነው። ሣሩ ሌላ ነው።”

“ታዲያ ሌላው የት ነው ያለው?”

“እሱን እንግዲህ የተረከባችሁት እናንተ ናችሁ የምታውቁት።”

ክቡር ሆይ፣ ሰው በሌለው ነገር ሲከሰስ አይቻለሁ፤ በሌለው ነገር ምክንያት ያለውን ሲቀማ ያየሁት በእናንተ ዘመን ነው። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ መሆኔን፣ ሣሩም በዚያው ቀን መወሰዱን ጽፌና ፈርሜ ሰጠኋቸው። “አሰመርኩ ካሉ ሜዳው አለ ማለት ነው፤ የለም የሚሉ ከሆነ ከሠሪው ማስረጃ ያምጡ” አሉኝ። ሠሪው እርስዎ ነዎት።

በዚያ አቧራ ላይ ማን እንደሚጫወት ሪፖርታችሁ ስላልጻፈ እኔ ልንገርዎ። ልጄ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ የፋብሪካው የሴቶች ቡድን በረኛም አሠልጣኝም እሷ ናት። ሃያ ሁለት ሴቶች ከፈረቃቸው በፊት ጎህ ሲቀድ እዚያ ይሮጣሉ። በእግር የሚደረስበት ሌላ ሜዳ የለም። መጋዘኑ ሲሠራ ቡድኑ ይፈርሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው፤ ጌጥ አያስፈልገውም።

የሪፖርቱን ፎቶ ሳሳያት ልጄ ብዙ አልተቆጣችም። ወረቀቱን መልሳ ሰጥታኝ፣ “አባዬ፣ አንተ ባታሰምርላቸው ኖሮ ይሄ ሣር ብቻ ነበር። ሜዳ ያደረግከው አንተ ነህ” አለችኝ። ክቡርነትዎ ለዚህ መልስ ካለዎት ቢያውሱኝ እወዳለሁ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ። ለሦስቱም የመጣልኝ መልስ አንድ መጠይቅ ነው፦ “በተሠራልዎ ሜዳ ምን ያህል ረክተዋል?” ከሥሩ ከሚያለቅስ እስከሚስቅ አምስት ክብ ፊቶች ተሥለዋል። የእኔን የሚመስል ስላጣሁ ስድስተኛ ሥዬ መለስኩ።

አራተኛ፤ ስለ ምርጫው።

ሰው ጠርጣራ ይለኛል። እኔ ግን የምጠረጥረው መርጬ ነው። ሣሩ ለምን ከምርጫው በፊት መጥቶ፣ ከምርጫው በኋላ አንድም ቀን እንዳልመጣ እጠይቃለሁ፤ ይህ መጠርጠር ከሆነ ጠርጥሬአለሁ። ሊወዳደሩዎት የተነሡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። እርስዎ የሾሙት የሥነ ምግባር ኮሚቴ አንደኛውን ቅጹን በሰማያዊ ቀለም ስለሞላ፣ ሁለተኛውን የድጋፍ ደብዳቤው በዕረፍት ቀን ስለደረሰ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ገና እየተመረመረ ስለሆነ አሰናበታቸው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሣሩ ጊዜ የት እንደነበረ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለከረባቱን ጋዜጠኞች ለምን እርስዎን እንደሚደግፍ ሲጠይቁት፣ “ሜዳ ሠርተውልናል” አለ። ከዚያ ወዲህ የእናንተ የልማት ኮሚቴ አባል ሆኖ በዓመት ሦስት ጊዜ ሐይቅ ዳር ይሰበሰባል። በላ አላልኩም። ሲበላ አላየሁም። ያየሁት ሲያጨበጭብ ብቻ ነው።

እኛ በሰፈራችን ክለብ ሰብሳቢ የምንመርጥበት መንገድ አለን፤ ለትልቅ ማኅበር አይመጥን ይሆናል። ተወዳዳሪዎቹ መሐል ሜዳ ላይ ተራርቀው፣ ፊታቸውን ወደ ጎሉ አዙረው ይቆማሉ። እኛ ደግሞ ኮሽታ ሳናሰማ ከየመረጥነው ሰው ኋላ እንሰለፋለን። ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ ዞሮ ማየት ክልክል ነው። አንድ ዓመት ልብስ ሰፊው ደረቱን ነፍቶ ሲዞር ከኋላው ያገኘው ሚስቱን ብቻ ነው፤ እሷም “እኔ እንኳ የቤቱን ቁልፍ ልቀበልህ ነው የመጣሁት” አለችው። ሰውየው ተሸማቀቀ እንጂ ስንት ሰው እንደሚከተለው በደንብ አወቀ። ክቡርነትዎም አንድ ጊዜ ፊትዎን ወደ ጎሉ አዙረው ቢቆሙ እያልኩ አስባለሁ። ግን ከጎንዎ ተራርቆ የሚቆም ተወዳዳሪ ስለሌለ፣ ሁላችንም ከኋላዎ ያለን ነው የሚመስለው፤ ባንኖርም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሰኞ በፊት፣ “ይህ ሜዳ አልተሠራም” የሚል አንድ መስመር ጽፈው ይፈርሙልኝ። አርባ አንዱ አርባ ይሆናል፤ ከዚህ የበለጠ አይጎድልብዎም። በምርጫ ሰሞን አስቸጋሪ እንደሆነ ይገባኛል፤ አንዱ አልተሠራም ከተባለ አርባው ይታያል። ሆኖም እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተዋርጄ፣ ያሰመርኩት ውሸት ነው ብዬ ከፈረምኩ፣ እርስዎም ከእኔ ጎን ቢፈርሙ የሚያንሱበት ምክንያት አይታየኝም።

ካልፈረሙም አይጨነቁ። ቅዳሜ እርስዎ ሲመረጡ እኔ እንደ ልማዴ አሰምራለሁ፤ ሴቶቹ ከሆስፒታሉ ነርሶች ጋር ጨዋታ አላቸው። ሰኞ ጠዋትም አሰምራለሁ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ሰኞ አስምሬ አላውቅም፤ የነጋዴው መኪና ሲመጣ ግን ኖራው እርጥብ ሆኖ፣ እኔም የፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ላይ ቆሜ እንጠብቀዋለን።

ዘመንዎ እንደ ምርጫዎ ያለ ተቀናቃኝ የለመለመ፣ ወንበርዎም እንደ ሣራችን ለግማሽ ቀን ያልሆነ እንዲሆንልዎ ከመመኘት ጋር፣ በታላቅ አክብሮትና በማይቀንስ ጥርጣሬ፣

የማይታየው ሜዳ ጠቢብ፣
የሚታየው ሜዳ አስማሪ

ሳልጨምር ልዘጋው የነበረ፦ በሪፖርታችሁ ላይ ለተዘረዘሩት ለሌሎቹ አርባ ሜዳዎች አስማሪዎች ከሁለት ወር በፊት ጽፌ ነበር። ስማቸውን ስለማላውቅ ፖስታው ላይ የሜዳውን ስም ገልብጬ ከጎኑ ባልዲና ብሩሽ ሣልኩ፤ ቋንቋቸውንም ስለማላውቅ ውስጡ የላክሁት ሥዕል ነው፦ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል፣ አጠገቡ የተጠቀለለ ሣር፣ ከላዩ የጥያቄ ምልክት። እስከ ትናንት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በሥዕል መልሰውልኛል። አሥራ ሰባቱ ጥቅሉን ጭነት መኪና ላይ ሥለውታል። አንደኛው በሆዱ የተኛ ፎቶ አንሺ ጨምሮበታል። ከላይ ያለውን ጽፌ ካበቃሁ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ሁሉንም ለዚያች ጸሐፊ ወስጄ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩላት። አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው፤ ከዚያ፣ “አባባ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ማን ሊያስጠናው ይችላል?” ብላ ተነሥታ ወደ አለቃዋ ቢሮ ገባች። ስትወጣ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይዛ ነበር፦ ርክክቡ ቦታው ላይ ተሄዶ እስኪታይ ድረስ ታግዷል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ፊርማዎ ያን ያህል አያስቸኩለንም፤ ተረጋግተው ይመረጡ።