መምህርት ኡሙሀኒ አባመጫ ያዘጋጁት የሐሙስ ትምህርት አይቀርም

ለትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ፣ ለወላጆችና ለሸዋ ቤንች ነዋሪዎች በሙሉ፣

የጂኦግራፊ መምህርታችን ወይዘሮ ኡሙሀኒ አባመጫ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም በዕለቱ ተፈጽሟል። የንጋት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች ሐዘኑ እጅግ ከብዶናል።

ሆኖም የእርሳቸውን ሥራ አንገት ደፍቶ መጻፍ አልሆነልንም። የሠሩት ሥራ ያስፈነድቃል፤ እኛም ደስታችንን አንደብቅም።

መምህርት ኡሙሀኒ በአጋሮ ተወልደው ያደጉ ሲሆን ወደ ትምህርት ቤታችን የተመደቡት በ2002 ዓ.ም. ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ተራሮች ከሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ጋር በኢንተርኔት የጋራ ትምህርት አስጀመሩ። ቡናችንን ከሚጠጡ አገሮች ጋር ቢሆን ይሻላል ያልን ብዙዎች ነበርን። እርሳቸው ግን እንደኛው ቡና ከሚለቅሙ ልጆች እንጀምር ብለው ጸኑ። ልክ ነበሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ግን አልሰመረም። እኛ ጭፈራ አሳየን፣ እነርሱም ጭፈራ አሳዩን፤ ተጨበጨበና ተለያየን።

በ2015 ዓ.ም. መምህርቷ ጭፈራውን አስቀርተው እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በአንድ ጥያቄ እንዲከፈት አደረጉ፦ «ዘንድሮ ቡናችሁን ምን ነካው?» ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ማን ያስቁማቸው! ስለ ቅጠል ዝገት በሽታ፣ ስለ ዘገየ ዝናብ፣ ስለ ለቀማ ተጠያየቁ። እንግሊዝኛ መናገር ያፍሩ የነበሩ ተማሪዎች እጅ ለማውጣት ተሻሙ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የእኛ ልጆች ግን ያላዩት አገር ዝናብ ያሳስባቸው ጀመር።

በ2017 ዓ.ም. የኮሎምቢያ ተማሪዎች፣ ወላጆቻቸው የጥላ ዛፎቻቸውን ቆርጠው መጨረሳቸውን ገልጸው፣ በጫካ ጥላ ሥር ቡና እንዴት እንደሚለማ እንድናስተምራቸው ጠየቁን። አዎን፣ እንድናስተምራቸው! መምህርት ኡሙሀኒ ይህን ትምህርት አዘጋጅተው፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ውድነሽ እንድትመራው አሠልጥነዋታል።

ትምህርቱ በመብራትና በኔትወርክ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለነገ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ተይዟል። ዕለቱ የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ነው። የኮሎምቢያው ትምህርት ቤት ደግሞ ለዓመቱ ማብቂያ ሊዘጋ ስለሆነ ነገ ካልተካሄደ ወደ የካቲት ይሻገራል። እኛም ለክብራቸው ስንል ልንሰርዘው ወስነን ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ወንድማቸው አቶ ናስረዲን አባመጫ ከለቅሶ ቤት ተነሥተው ቢሯችን ድረስ መጡ። «በሕይወቷ ክፍል ቀርታ አታውቅም፤ በሞቷ አታስቀሯት» አሉን። ውሳኔያችንን ሽረናል።

ለልጃቸው ለላምያ፣ ለአቶ ናስረዲን፣ ለመላው ቤተሰባቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥልን ከልብ እንለምናለን። ላምያ ሆይ፣ እናትሽ ያስተማሩበት ክፍል ምንጊዜም ቤትሽ ነው።

ይህን መግለጫ እየጨረስን ሳለ ከኮሎምቢያ መልእክት ደረሰን። የነገውን ክፍለ ጊዜ እነርሱ ሊከፍቱት ይፈልጋሉ፤ የመምህርቷንም ጥያቄ በአማርኛ አጥንተውታል። ዘንድሮ ምን እንደነካን ውድነሽ ትነግራቸዋለች፤ ከዚያም ታስተምራቸዋለች።

የንጋት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
ሸዋ ቤንች፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.