የዶሮዋ አቤቱታ

ሰኞ

ዛሬም አልሆነልኝም። መምህር ታደለ ለትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል የሚነበብ አጭር ታሪክ እንድጽፍ ከለመነኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። በዓሉ የፊታችን እሑድ ነው። አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስቱንም ቀደድኩ። "አንድ ገበሬ ነበር" ብዬ ስነሣ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ "ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ገበሬ" ሆኖ ቁጭ ይላል። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ ብዕሬ ሌላ መንገድ ጠፍቶታል። ቅኔ ቤት ሳለሁ "ይህ ልጅ አፉ ማር ነው" ይሉኝ ነበር። ማሩን ማን እንደበላው እንጃ።

ባለቤቴ አለሚቱ ሳቀችብኝ። "ከማመልከቻ ሌላ ካልወጣልህ ማመልከቻ ጻፋ! ዶሮዬም እኮ አቤት የምትለው አላት።" ቀልዷን ነው።

ማክሰኞ

ቀልዱን ሞከርኩት። ባለጉዳይ ሲጠፋ ለአንድ ነገር ማመልከቻ እጽፋለሁ። እስካሁን የጻፍኳቸው፦

— ዱካዬ (በርጩማዬ)፣ በኔ በተቀማጩ ላይ።
— ዝናብ፣ ሲዘገይ በሚሰድቡት ሲመጣ በሚሸሹት ሰዎች ላይ።
— የአማኑኤል መንገድ፣ በጭነት መኪናዎች ላይ። (አልጨረስኩትም።)
— የአለሚቱ ዶሮ፣ በጭልፊት ላይ።

የዶሮዋ ረዘመች። ወድጃትም በደህናው ወረቀት ገልብጬ ሣጥኔ ውስጥ አኖርኳት። ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ ያለው ጸሐፊ "ምን ነካህ?" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እሜቴ ጥሩነሽ ከይጁቤ መጡ። ባላቸው ሞተዋል። የባላቸው ወንድም ባረሰ ቁጥር ድንበር ይገፋባቸዋል። ሰኔ ሳይገባ ካልተዳኙ ዘንድሮም ያርሰዋል። የዚህ ዓይነቱን ስንቱን ጽፌአለሁ፤ በለመድኩት ቃል ጻፍኩና አነበብኩላቸው። "ደግ ነው" አሉ፤ ፊታቸው ግን ደግ አላለም። ለነገ ገልብጬ እንደማቆይላቸው ነግሬ ሸኘኋቸው።

ረቡዕ

ጉድ ሆኛለሁ።

እሜቴ በጠዋት መጡ፤ መዝገብ ቤቱ ሰው ሳይሞላው ልድረስ ብለው ተጣደፉ። ወረቀቱን ከሣጥኔ አውጥቼ ግርጌው ላይ አውራ ጣታቸውን አስነካሁ፣ አጥፌ ሰጠኋቸው። ሁልጊዜ ከማስፈረሜ በፊት አነባለሁ። ዛሬ አላነበብኩም።

ማታ ልገባ ስል ሣጥኔን ብከፍት የሳቸው ማመልከቻ እዚያው ተኝቷል። የዶሮዋ የለችም! ሮጬ ብሄድ መዝገብ ቤቱ ተዘግቷል። በፍርድ ቤት ቀለደ ብለው ከደጃፉ ቢያባርሩኝ የእጄ ነው። የሴትዮዋ መሬትስ? በኔ ጨዋታ መሬታቸው ሊሄድ ነው።

ሐሙስ

የመዝገብ ቤቱ ሹም አስጠራኝ። ስገባ እሜቴ ቆመዋል። ሹሙ ጮክ ብሎ አነበበው፦

"ተከሳሽ ጭልፊት በየጊዜው አንዳንድ ጫጩት ይወስድብኛል። ስጮህ፣ አንዲት ጫጩት ምን ታጎድልብሻለች? ይለኛል። ጎረቤቶቼም፣ ዝም በይ፣ ሰማዩ የሱ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ስቆጥር እውላለሁ፤ አልሞላ ብሎኛል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሜቴ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

"ይኸውማ የኔ ነገር ነው። አንድ ትልም ምን ይጎዳሻል ነው እኮ የባሌ ወንድም የሚለኝ። ማን ነገረህ፣ ልጄ? ያ የማክሰኞው የኔ አልነበረም፤ የማንም ነበር።"

ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኩ። ሹሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ "ዶሮ ችሎት አትቆምም። እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ አምጣ" አለኝ።

ወጥተን ዱካዬን ለቀቅኩላቸው። "ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" አልኳቸው። ለካ የመጀመሪያው ትልም የታረሰው የባላቸው አርባ ሳይወጣ ነው! ማክሰኞ ይህን አልጠየቅኳቸውም ነበር። አፋቸው እንዳወጣው ጻፍኩት፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ሹሙ ተቀበለ፤ ለሰኞ ተቀጠረ። ተመስገን።

ቅዳሜ

እሜቴን ለቀጠሮው ካረፉበት እህታቸው ቤት ሄጄ አገኘኋቸው። ለነገ ከዶሮዋ የተሻለ ታሪክ የለኝም፤ ግን አሁን የሳቸውም ሆናለች። ጠየቅኳቸው።

"ስሜን አታንሣ እንጂ አንብባት" አሉ። "የባሌ ወንድምም ለቀጠሮው መጥቷል። ልጁ የሚማረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ ነገ ከአዳራሹ አይቀርም።"

"ታዲያ ልተወው?"

"ለምን? ጭልፊቱን ብቻ እንዳታሳምረው።"

ቀኑን ሙሉ ስሰርዝ ስጽፍ ዋልኩ። "ተከሳሽ" የሚለውን አወጣሁ። "አመልካች" የሚለውንም። ስጽፍ ደስ ካለኝ ስንት ዘመኔ!

እሑድ

አነበብኩ። አዳራሹ ሳቀ። አብልጠው የሳቁት ከፊት የተቀመጡ፣ አዲስ ጋቢ የለበሱ ሰው ነበሩ። "አንዲት ጫጩት ምን ታጎድልብሻለች?" ያልኩ ጊዜ ሳቃቸው ቆመ። ዘወር ብለው ኋላ አዩ። እሜቴ ጥሩነሽ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ባለጋቢው የባላቸው ወንድም መሆናቸው ያኔ ገባኝ።

ሲያበቃ ሰውዬው ደጅ ጠበቁኝ።

"መጨረሻውን አልነገርከንም። ዶሮዋ ተፈረደላት?"

"ገና ነው ጌታዬ" አልኳቸው። "ቀጠሮዋ ነገ ነው።"

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ። እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ደግ ሠራሁ ወይስ አበላሸሁ፣ አላውቅም።