ሀስና ለአረፋ ከመምጣቷ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ሰአዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ፣ ብርዱ ብሶበታል ወይስ ለቀቅ አድርጎሻል? ጋሼ ፉርቃንስ፣ ያ ሳሉ ተወው? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ልቤን ግን አትጠይቂኝ።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አታስነብቢ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽን ጃፋርን በእጅሽ ካልሆነ ለሌላ እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ስትቆጥሪ እኔ ስስቅብሽ፣ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ትይኝ ነበር። ቀኑ ይኸው መጣ፤ ምነው ባልመጣ። ቀስ ብለሽ እንድታነቢው ፊደሉን አተልቄ ጽፌዋለሁ። በሩን ዝጊና ተቀመጪ።

ነገሩ የሀስና ነው። ልጅሽ በሕይወት አለች፣ ቆማ ትሄዳለች፤ መጀመሪያ ይህን ያዥልኝ። ግን ደሟ ውስጥ ቫይረሱ ተገኝቷል። የኤች አይ ቪ ማለቴ ነው። ለስለስ ያለ ስም ፈልጌለት ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ፤ የለውም። ከወንድ የመጣ አይደለም እትዬ። ከመርፌ ነው፤ እኔ በምሠራበት ክሊኒክ፣ እኔ ባስገባኋት የጽዳት ሥራ ላይ።

ክሊኒካችን ከአንዋር ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። አንዴ መጥተሽ ግርግሩን አይተሽ፣ እዚህ ሰው ሲታመም መተኛ ቦታ አለው ወይ ብለሽ አስቀሽናል። የእኛ ሰው ደግሞ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ከአውቶቡስ ተራ ተሸካሚው ወገቤን ብሎ ይመጣል፤ ክኒን ስሰጠው፣ «ሲስተር፣ ይቺማ ሱቅም አለች፤ በይ ውጊኝ» ይላል። እወጋዋለሁ። በዚህ ዓይነት በቀን ስልሳ ሰባ መርፌ ይወጣናል።

ያገለገለው መርፌ የሚጣልበት ቢጫ ካርቶን አለ፣ ሴፍቲ ቦክስ እንለዋለን። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋና ይቃጠላል፤ ኮርስ ወስጄ የተማርኩት ይህንን ነው። ግን ካርቶኑ የሚገኘው በስንት ልመና ነው፤ የክሊኒኩ ባለቤትም ገና ቦታ አለው እኮ ይለኛል። ሀስና በገባች በሳምንቷ ካርቶኑ አፉ ድረስ ደርሶ አየችና ጨርቅ አጥፋ ላዩ ላይ አድርጋ፣ አንቺ በርበሬ በጆንያ ስትሞዪ እንደምታደርጊው፣ በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ አወረደችው። የሌላ አንድ ቀን መርፌ ያዘ። እኔ ነርሷ፣ እኔ የተማርኩት፣ ምን አልኩ መሰለሽ? «የሰአዳ ልጅ! ባለሙያ!» ብዬ ሳቅሁ። ሌሎቹንም ከእሷ ተማሩ አልኳቸው። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስታደርግ እያየሁ ዝም አልኩ። ጆንያ መጠቅጠቅ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ፣ ግን ምንም ጥፋት የለብሽም፤ በርበሬ አይወጋም። ያሞገስኳት እኔ ነኝ።

በነሐሴ መጨረሻ አንዱ መርፌ ጨርቁን አልፎ መዳፏን ወጋት። አልነገረችኝም። ቁስሉን በአልኮል ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የነገረችኝ በሃያ ቀኗ ነው፣ ያውም ልብስ ስናጥብ በጨዋታ መሀል። ለምን ደበቅሽኝ ብላት፣ «አክስቴ፣ ባለሙያ እያልሽኝ ተወጋሁ ብዬ እንዴት ላሳፍርሽ?» አለችኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ከተጀመረ የሚከላከል መድኃኒት ትልልቅ ሆስፒታል አለ ይባላል። የሰው እግር ላይ ወድቄም ቢሆን እለምንላት ነበር። ጊዜው አልፎ ነበር።

በመስከረም ስትመረመር ነፃ ናት አሉን፤ ግን ቫይረሱ ቶሎ ላይታይ ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ ተባልን። ረመዳንን እንዴት እንደጾምኩት አላህ ነው የሚያውቀው። በታኅሣሥ ተመለስን። ወረቀቱን ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እሷ ፊቴን አየችና፣ «በይ ተነሽ አክስቴ፣ ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው» አለችኝ። ደግፋ አወጣችኝ። እኔን! ስትወጋ ነፃ እንደነበረች የሚያሳየው የመስከረሙ ወረቀት በእጄ ነው፤ ስለ ልጅሽ ክፉ የሚያወራ ካለ እኔ ምስክር ነኝ።

አሁን ካርቶኑን ቦታ እያለው እዘጋዋለሁ። ማንም አይጫነውም፣ ማንም እጁን አያስገባም። የወጋሁበትን መርፌ ክዳኑን ሳልመልስ፣ ለሌላ እጅም ሳላቀብል እዚያው እጥለዋለሁ። የተወጋ በዚያችው ሰዓት ይናገር፣ የሚቆጣው የለም ብዬ ለሁሉም ነግሬያለሁ። ክኒን የሚበቃውን አልወጋም ብዬ ከባለቤቱም ከተሸካሚዎቹም ተጣልቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትይኝ ይሆናል፤ እውነትሽን ነው። አደራሽን በልቻለሁ እህቴ። አፉ በይኝ ለማለት እንኳ ድፍረቱ የለኝም።

ሐኪሙ ገና ጠንካራ ናት፣ በደንብ ከበላች ዓመታት ትቆያለች ብሏል፤ መድኃኒቱም ወደ አገራችን እየገባ ነው ይላሉ። ረቡዕ ጥር 19 ቀን ከአውቶቡስ ተራ አሳፍራታለሁ። እኔ ለዘንድሮ አረፋ አልመጣም፤ በምን ዓይኔ አይሻለሁ? «እናቴ አስቀድማ ትወቀውና እኔ ሳልደርስ አልቅሳ ይውጣላት» ብላ ይህን ያስጻፈችኝ ራሷ ሀስና ናት። የፈራችው አንድ ነገር ነው፤ እማዬ ለብቻዬ ሳህን ታቀርብልኝ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። እዚህም ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። የአረፋው ክትፎ ሲቀርብ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እያየ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ አጉርሻት።

ጋሼ ፉርቃንን ሰላም በይልኝ፤ መቼ እንደምትነግሪው አንቺ ታውቂያለሽ። ሙስአብን በትምህርትህ በርታ ብላሃለች በይው። ትንሿን ኢክራን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እህትሽ የፀጉር ጌጥ ይዛልሽ ትመጣለች በያት። ጎረቤትሽን ሱሀይርንም እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ በይልኝ። ሀስና በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የምታየው እጅሽን ነው። ቶሎ ዘርጊላት።

እህትሽ ሀያቱ
አዲስ ከተማ፣ መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.