ስለ ባለ አንድ እጁ ቧንቧ፣ ለሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ጤና እመኛለሁ። ከጎኔ ቤት የሚኖሩትን የእትዬን ጤንነት ለመጠየቅ ጊዜ እንዳጡ ስለማውቅ እኔው ልንገርዎ፦ ግራ እጃቸው ደህና ነው፤ ቀኝ እጃቸው ግን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እሺ አላላቸውም። ጠዋት ጠዋት ሴት ልጃቸው ፊታቸውን አጥባቸው ወደ ሥራ ትሮጣለች። እሳቸው ደግሞ እንደ ሕፃን መታጠቡ መሯቸዋል፤ ምኞታቸው ፊታቸውን ራሳቸው መታጠብ ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮሚቴው የሁላችንንም የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ በአዲስ ሚክሰር ሊቀይርልን መነሣቱን ስሰማ ደስ ብሎኝ ቧንቧ ሠራተኛውን አማከርኩት። ሙቁንና ቀዝቃዛውን በአንድ እጀታ ቀላቅሎ የሚያወርደውን ቧንቧ ሠራተኞች «ባለ አንድ እጅ» ይሉታል፤ ባለ ሁለት እጁ ግን ሙቁን ከፍተው ቀዝቃዛውን እስኪያዞሩ ድረስ እትዬን ያቃጥላቸዋል አለኝ። እኔም እንደነገረኝ «ለእትዬ ቤት ባለ አንድ እጅ ይፈቀድልን» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩. ማመልከቻዬን በጥንቃቄ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። በማኅተም ያደረሱን መልስ «አመልካቿ ባለ አንድ እጅ መሆናቸውንና እጃቸው መቼ እንደተቆረጠ የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ይቅረብ» ይላል። እትዬ ከታመሙ ወዲህ እንደዚያን ቀን ስቀው አያውቁም፤ ለዚህም ባለውለታችን ነዎት። ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ዕድሜዎን ሙሉ ሕንፃ ሲያሠሩ ኖረው የቧንቧ ስም ጠፋብዎት ብዬ ለማመን ብታገልም ልቤ እምቢ አለኝ።

፪. ቅዳሜ ሰብስበው ስላስመረጡንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለቱን ናሙና ጠረጴዛ ላይ ደርድረው እጅ አውጡ አሉን፤ አወጣን። እትዬም ግራ እጃቸውን አወጡ፤ ያኔ የሐኪም ማስረጃ የጠየቃቸው አልነበረም። ባለ ሁለት እጁም ተመረጠ። ብቻ ሐሙስ ዕለት፣ ከምርጫው ሁለት ቀን በፊት ማለት ነው፣ ልብስ ላሰጣ ስወርድ ባለ ሁለት እጁ በካርቶን በካርቶን ሆኖ ወደ ዕቃ ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። የሕዝቡን ልብ ቀድመው የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ይሆናል።

፫. ከተመረጠው ውጪ በግሉ ያስገጠመ ይነቀልበታል ማለትዎስ? ለሕንፃው ውበት ነው ብለዋል። የእትዬ መታጠቢያ ቤት ከእሳቸው ሌላ የምንገባው እኔና ልጃቸው ነን፤ እኛ ደግሞ ውበት አልጠየቅንም።

ገጣሚዎቹ ሰኞ ይመጣሉ። እስከዚያ ድረስ ለአንዲት ቤት አንዲት ቧንቧ ይፍቀዱልን ብዬ በትሕትና እለምናለሁ።

ሁለቱም እጆቿ እስካሉ ድረስ ለእርስዎ መጻፍ የማይታክታት፣
የሦስተኛ ፎቅዋ የእትዬ ጎረቤት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ልጨርስ ስል ባለቤትዎ ብርቱካን ይዘው እትዬን ሊጠይቁ ብቅ አሉ። ደግ ሰው ናቸው። እጃቸውን ሊታጠቡ ገብተው ከቧንቧው ጋር ሲታገሉ ቆዩና፣ «ውይ እናንተ! እስካሁን በዚህ ነው የምትሠቃዩት? የኛን እኮ ባለፈው ወር አስቀየረው፤ አንዷን እጀታ በክርን ገፋ ማድረግ ነው!» አሉን።