ከጣሪያው ሥር የቆመው ሰው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እናትህ ሦስቴ አስነበበችኝ። ጉልበቷ ተሽሏታል፣ እንቅልፍ ግን አሁንም አልታረቃትም። እኔ ደህና ነኝ፤ እጄ ይሠራል፣ እህልም ይወርድልኛል። ይህን ካወቅህ ወደ ነገሬ ልግባ።

«አባዬ፣ ለነፍስህ ስትል ይቅር በለው» ብለሃል። እኔን የሚመክር ልጅ ስላሳደግሁ አምላክን አመሰግናለሁ። ግን እህትህን ከፍርስራሽ ውስጥ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ዝናብ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር። መዘምራኑ ልምምዳቸውን ጨርሰው ወጥተዋል፤ እሷ የረሳችውን ሹራብ ልታነሳ ተመለሰች። የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ያን ጊዜ ወረደ። ለአንድ ሹራብ።

ጣሪያውን የሠራውን ኮንትራክተር ታውቀዋለህ፤ የሰው ትከሻ እየመታ «አይዟችሁ» ስለሚል አይዟችሁ የምንለው። ፍርድ ቤቱ «ድንገተኛ አደጋ ነው» ብሎ አሰናበተው። በእህትህ ቀብር ቀን የኔንም ትከሻ መታ። አሁንም እሑድ እሑድ በግቢው ድንኳን ስንጸልይ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ከኋላው። ሰዎች እምነቴን የምተው መስሏቸው ነበር። ብተወው ክሴን ለማን አቀርባለሁ? ሰባት ወር ሙሉ ማጅራቱን እያየሁ ጸለይኩ። ቤቱ እንዲፈርስ፣ ስሙ እንዲጠፋ። አንድ ቀን ልጆቹንም ጨመርኩ። ያን ቀን ራሴ ደነገጥኩ፤ በማግስቱ ግን ደገምኩት።

ባለፈው ወር ሽማግሌዎቹ ቤት መጡና አዲሱን ጣሪያ በይድልን አሉኝ። እናትህ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስታንኳኳ ይሰማኝ ነበር።

«እሺ» አልኩ። «ስጨርስ ግን ጥንካሬውን ልፈትን የአሸዋ ከረጢት እጭንበታለሁ። አይዟችሁ ከሥሩ ይቆማል።»

«ይሄማ በቀል ነው» አለ ትልቁ ሽማግሌ።

«አዎ፣ ነው» አልኩት።

አይመጣም ብዬ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከረባት አስሮ መጣ። እህትህ የወደቀችበት ቦታ ላይ አቆምኩትና መሰላሉን ወጣሁ። ቆርቆሮው ገና አልለበሰም፤ በብረቶቹ መካከል ወለሉ ይታያል። ሠራተኞቹ ከውጭ በገመድ እያቀበሉኝ ሃያ ዘጠኝ ከረጢት ደረደርኩ። ብረቱ ሲጥ አላለም። ሠላሳኛውን ታቅፌ ወደ ታች ሳይ መላጣው በቀጥታ ከእጄ ሥር ነበር። አዳለጠኝ ብል ማን ይከሰኛል? ድንገተኛ አደጋ ነው። «ጌታዬ፣ በእጄ ጣልከው» አልኩ በልቤ። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ገብቶታል፤ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

«የድሮው ጣሪያ ብረት ቀጭን እንደሆነ አውቅ ነበር» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አንተስ? ጣሪያው ሳይወድቅ የዚህን ቤት በር ስትገጥም ሦስት ቀን እዚህ ውለሃል። ቀና ብለህ አላየህም?» አለኝ።

ለሙግት አልነበረም፤ የምሩን ማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር። የድሮው ጣሪያ ብየዳ ዳር እስከ ዳር ያልተያያዘ፣ ነጥብ ነጥብ ብቻ ነበር። ማንም በያጅ ከታች ሆኖ ያየዋል።

ከረጢቱን ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አቆምኩት፤ እኔም ጣሪያው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ጣሪያው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ልጄ፣ ይቅር አላልኩትም። በዚህ እሑድም ጸሎቱ ይቅርታ የሚለው ላይ ሲደርስ አፌ ተያዘ፤ ቀሪውን ግን ከሰው ጋር ጨረስኩ። ልጆቹን ከእርግማኔ አውጥቻቸዋለሁ። ለጊዜው የቻልኩት ይህን ነው።

ስለ በሩ ያለኝን እናትህ አልሰማችም። ስትደውልላት እንዳታነሳባት።

በምትገባበት ቤት ሁሉ ከላይህ ያለውን ያጽናልህ። ከክፉ ሰው ይሰውርህ፤ አይቶ ዝም ከሚልም ሰው ይሰውርህ።

አባትህ