ብርድ የማይወደው ከረጢት

ሰኞ፣ ኅዳር 8
እንደ ወትሮው። ጓንት፣ ካባ፣ መነጽር... የካንሰር መድኃኒት ስበጠብጥ ዋልኩ። ልብስ ሰፊዋ ታካሚ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «ልጄ፣ የኔን አጣፍጪው!» አለችኝ። ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ስብሰባ። አለቃችን፣ ያገኘውን ሁሉ ፍሪጅ ስለሚከት «ጋሽ ፍሪጅ» የምንለው፣ ራሱ ያበላሸውን የመድኃኒት ከረጢት በእኔ ላይ አላከከ። ዳይሬክተሯ ፊት! «በጥባጭ ሳለ ማን ጥሩ ይጠጣል» ብሎ ተረተብኝ። መድኃኒት በጥባጭ ነኛ... ሁሉም ሳቀ። ከነገ ጀምሮ ዕቃ ክፍል ነኝ፤ እሱ ራሱ ይበጠብጣል።
ቆይ ብቻ! ባልበቀለው ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ያ ሳቃቸው... ዕቃ ክፍል ካርቶን ስደረድር ሁሉ ይሰማኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
አገኘሁት! ጓንት ላደርስ ስገባ ጋሽ ፍሪጅ የልብስ ሰፊዋን ከረጢት በጥብጦ ፍሪጅ ከተተው። ለነገ መሆኑ ነው። ይኼኛው ደግሞ ብርድ አይወድም፤ ከቀዘቀዘ ደለል ይሠራል። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ውጪ ነው የሚቀመጠው» ማለት ነበር። አላልኩም። የእጁን ያግኝ! ነገ ሳይሰቀልላት በፊት ከነርሶቹ እቀማለሁ። ማን ይጎዳል? እሱ ብቻ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
ከረጢቱን ከነርሷ እጅ ነጥቄ በቀጥታ ስብሰባው ላይ። ብርሃን ላይ አነሣሁት፤ ደለሉ እንደ ስኳር ከሥሩ ተኝቷል። «ጋሼ፣ ጥሩው ይኸው፣ ይጠጡልኝ!» አልኩት። ላብ አጠመቀው። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።
ከዚያ ነርሷ፣ «በይ ለልብስ ሰፊዋ ሌላ በጥብጪላት፣ የሕክምናው ወንበር ላይ እየጠበቀች ነው» አለችኝ። ዕቃ ክፍል ሮጬ መደርደሪያውን አየሁ... ባዶ። የመጨረሻው መድኃኒት ከረጢቱ ውስጥ ያለው ኖሯል። ዕቃ ክፍል የምውለው እኔ፣ እንዴት አላየሁም? ንዴት ዓይኔን ጋርዶት...
መድኃኒቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ልብስ ሰፊዋ ሻርፗን አጣጥፋ ተነሣች። «ምን አጠፋሁ ልጄ?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14
የጋሽ ፍሪጅን የአለቃነት ወንበር ያዝኩት። እሱ ዕቃ ክፍል ወርዷል። ኮሪደር ላይ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ፤ ዞርም አላልኩለት። አሁንም አልማረውም!
መድኃኒቱ ዛሬ ገባ። ራሴ ደወልኩላት። ልጇ አነሣው።
«እማዬ በጣም ደክሟታል። ሁለተኛ እዚያ ሆስፒታል አልመለስም ብላለች» አለኝ።
ለመንኩት። መድኃኒቱ መጥቷል፣ እኔው ራሴ ነኝ የምበጠብጥላት...
«እሺ፣ ማን ደወለ ልበላት?»
ስሜን መናገር አቃተኝ። ዘጋሁት።