ከውስጥ የማይከፈት በር

ልጄ ኔቬና፣

በሰው አገር የሚጠብቅሽ አምላክ ጤናሽን ያብዛልሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እኔ አለሁ። የጓሯችን የፕለም ፍሬ ዘንድሮ ሳይለቀም ረገፈ።

የላክሽው የመኪናችን በር የውስጥ እጀታ ተገጥሞ ነበር ወይ ብለሽ በስልክ ለጠየቅሽኝ፣ መልሱን እዚህ ልጻፍልሽ። አልተገጠመም። አባትሽ "ከውስጥ ከከፈትሽማ እኔ ዞሬ ምን ልከፍትልሽ ነው?" ብሎ እየሳቀ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በእኔ በኩል መስኮቱም አይወርድም፤ ታውቂያለሽ።

ያን ቀን ከስሞልያን ከተማ ስንመለስ "ሊልያና፣ ደረቴን!" ብሎ መኪናዋን ዳር አቆመና በእሱ በኩል ባለው በር ላይ ተደገፈ። እሱን ገፍቼ መውጣት አቃተኝ። በእኔ በኩል ያለውን መስታወት በጫማዬ ደበደብኩት። አንድ የእንጨት ጭነት መኪና ሹፌር ከውጭ ሲከፍትልኝ፣ የአባትሽ እጅ ቀዝቅዞ ነበር። ሐኪሙ "እርስዎ ቶሎ ቢወጡም እሳቸው አይተርፉም ነበር" አለኝ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ፣ እንጃ።

ትናንት ጎረቤታችን ፔንቾ እጀታውን ገጠመልኝ። "እስቲ ይሞክሩት፣ እትዬ" አለኝ። በአንድ ጣት ተከፈተ። መውረድ አቅቶኝ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

አንቺ ጥፋት የለብሽም፤ ልከሻል። አብሬው የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ከቻልሽ ለአርባው ነይልኝ፤ መቃብሩ ዘንድ ብቻዬን መቆም ፈርቻለሁ። የአባትሽ ምርቃት ይከተልሽ።

እናትሽ